በትከሻ የሄደ ጠረጴዛ

ኮርኮይ ጠረጴዛ ልሥራ ብላ ስትነሣ ቴሺ ከተማ ሙሉ ሳቀባት። የጨዋታ ሳቅ እንዳይመስላችሁ። የሬሳ ሣጥን ከሚሠራ ቤት በወጣ ጠረጴዛ ላይ ማን ክርኑን ያሳርፋል? ማንስ ምሳውን ያስቀምጣል? ሰዉ ይህን እያለ ነው የሳቀው፤ ከሁሉም አብልጦ የሳቀው ደግሞ የገዛ ወንድሟ ቦርኬቴይ ነበር።

ወንድሟ ስል በአባት ነው፤ በእናት አይገናኙም። አባትየው ለዓሣ አጥማጅ ዓሣ፣ ለሹፌር ሚኒባስ፣ ለቃሪያ ነጋዴ ቀይ ቃሪያ የሚመስል ሣጥን እየሠራ፣ ሟቹን ሁሉ በኖረበት ሙያ እየሸኘ ሁለቱንም አሳድጓቸዋል። ሲሞት አንድ አውደ ጥናት ትቶላቸው ሞተ፤ ፊቱ ለአክራ ዋና መንገድ፣ ጀርባው ለቦይ። ደንበኛ የሚቆመው ከፊት ነው። ከኋላ የሚቆም ትንኝ ብቻ ነው። እንግዲህ ጠቡ ስለ ፊት ለፊቱ ነው።

ኮርኮይ የምትለው አንድ ነገር ነበር። «ሰው ሞቶ ዓሣ ውስጥ ከተኛ፣ በቁሙ ዓሣ ላይ ቢሠራ ምን አለበት?» ትላለች። አልፋም የቀንድ አውጣ ጠረጴዛ ሠራች፤ ዛጎሉ ዙሪያውን መደርደሪያ፣ ሆዱ መቀመጫ። ሲያዩት ደስ ይል ነበር፤ ሐሰት አልናገርም። ቀጥላ ለአንድ መምህር የኤሊ ጠረጴዛ ሠራችለት። መምህሩ ወደደው። ሚስቱ ግን በሩ ላይ ቆማ፣ «ይሄ ነገር በዚህ በር የሚገባው እኔ በሬሳዬ ከወጣሁ በኋላ ነው» አለች። ኤሊውም በመጣበት ጋሪ ተመለሰ።

ቦርኬቴይ ያን ቀን መንገድ ዳር ቆሞ ጋሪው እስኪራገፍ ጠበቃት።

«ደግሞ ዛሬ ማንን ልትቀብሪ ነው?»

«ምላስህን። የሚበቃው እንጨት አጥቼ ነው እንጂ።»

«አንቺ እኮ ተይ ቢሉሽ አትሰሚም። ከእኛ እጅ የወጣ እንጨት የሞት እንጨት ነው። አርፈሽ እዚያ ጓሮ ክዳን አለስልሺ!»

«ክዳን አለስልሼ አለስልሼ አንተን አበላሁ። በቃኝ!»

እንዲህ እየተባባሉ ጎረቤቱን ሁሉ ሲያሰለቹ ነገሩ የአባታቸው ታላቅ ወንድም አታ ሶዋ ዘንድ ደረሰ። አታ ሶዋ ቤተ ዘመዱ የሚፈራው ሽማግሌ ነው፤ ቃሉ ከወጣ አይመለስም። ሁለቱንም ካዳመጠ በኋላ በትሩን መሬት ላይ ተክሎ ፈረደ። ኮርኮይ ስም ላለው ሰው አንድ ጠረጴዛ ትሥራ። ሰውየው በሽማግሌዎች ፊት ጠረጴዛው ላይ ከተቀመጠና ክርኑን ካሳረፈ፣ የአውደ ጥናቱ ፊት ለፊት የእሷ ነው። አልቀመጥም ካለ፣ ኮርኮይ ዕድሜ ልኳን ከቦርኬቴይ በታች ሣጥን ታለሰልሳለች፤ ስለ ጠረጴዛም ዳግመኛ እንዳታነሣ። ኮርኮይ እሺ አለች። ምን ትበል? ቦርኬቴይም እሺ አለ፤ እሱማ ጥርሱን እያሳየ ነው እሺ ያለው።

ታዲያ ማን ይምጣ? ኳርሼ ላርያ መጣ።

ላርያን የማያውቅ ቴሺ ውስጥ የለም። የመሬት ደላላ ነው። አንዱን ቦታ ለሁለት ሰው ይሸጣል፤ ሁለቱ ሲካሰሱ ለሦስተኛ ይሸጥና ዶዘር ይልካል። በባሕሩ ዳር ስንት ቤት ፈርሷል! የሰው አልጋ፣ የሰው ድስት፣ የሰው ልጅ ደብተር ከአሸዋ ጋር ተዝቋል። ኮርኮይም ትጠላዋለች። ነጭ መኪናውን አቁሞ ሲወርድ ባየችው ጊዜ በሩን ልትዘጋበት ዳዳት። ግን ከእሱ በቀር ደፍሮ የሚመጣ እንደማይኖር አወቀችው።

«አንቺ ነሽ ጠረጴዛ የምትሠሪው?»

«እኔ ነኝ።»

«እኔ ሣጥን አልፈራም። ሣጥን የሚፈራ ድሃ ነው» አለ ሆዱን ወደ ፊት ገፍቶ። «ዶዘር ሥሪልኝ። ሰው ቢሮዬ ሲገባ ከመቀመጡ በፊት ልቡ ይውረድ። ስሜንም አካፋው ላይ ጻፊው፤ በትልቁ፣ በቀይ። ከባሕሩ ላይ ይነበብ።»

«በሽማግሌዎች ፊት ትቀመጥበታለህ?»

«ከፈለግሽ ከነጫማዬ እቆምበታለሁ» አላትና ሄደ።

ኮርኮይ ዶዘሩን ሠራችው። ሰውየውን እየጠላች እንጨቱን ወደደችው፤ ይሄም አለ። ቢጫ ቀባችው። ግራና ቀኝ ሰንሰለቱ ውስጥ መሳቢያዎች ደበቀች። መብራቶቹን የእውነት መብራት አደረገቻቸው፤ ማብሪያቸውም በጣት የሚነካ። ከአካፋው ጀርባ ሰፊ የመጻፊያ ገበታ፣ ከገበታው ጀርባ ጣሪያ ያለው የሹፌር ወንበር። ወንበሩ ከገበታው ጋር አንድ ላይ ነው፤ የተቀመጠ ሰው ክርኑን ሳያሳርፍ መዋል አይችልም። ይህን ሆን ብላ ነው ያደረገችው። ስሙንም በቀይ ጻፈችው፤ ኳርሼ ላርያ።

ቦርኬቴይ ዞር ዞር ብሎ አየው። እጁን በሰንሰለቱ ጥርሶች ላይ አሳለፈ። እንከን ፈልጎ እንዳጣ ከፊቱ ያስታውቃል።

«ጥሩ ሣጥን ነው» አለ።

«ጠረጴዛ ነው!»

«እሺ፣ ክዳን የሌለው ሣጥን እንበለዋ። ምን ያጨቃጭቀናል?»

ኮርኮይ መሮውን ብትወረውርበት ደስታዋ ነበር። ግን ለፊት ለፊቱ ስትል ቻለችው።

ላርያ አዲሱን ቢሮውን የሚያስመርቀው ቅዳሜ ነው ተባለ። ቅዳሜ! እስቲ ማን ይሙት፣ ቴሺ ውስጥ ቅዳሜ ቀን ምርቃት የሚያደርግ ሰው ይኖራል? ቅዳሜ የቀብር ቀን ነው። አገሩ ሁሉ ቀይና ጥቁር ለብሶ ከአንዱ ለቅሶ ወደ ሌላው ሲጓዝ ይውላል። ላርያ ግን ሰው የሚያደርገውን አያደርግም፤ ሰውም ስለማይጠራው የማን ለቅሶ እንዳለ አያውቅም።

ጠዋት የጭነት መኪና መጣ። ዶዘሩን ጭነው ጥቂት እንደሄዱ መንገዱ ተቆፍሮ አገኙት። ማን ቆፈረው? ራሱ ላርያ! ለቢሮው ቧንቧ አስገባለሁ ብሎ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ሰንጥቆት፣ እግረኛ በሳንቃ ነው የሚሻገረው። ሹፌሩ ጠረጴዛውን አውርዶ ተመለሰ። ሽማግሌዎቹ ደግሞ ላርያ በረንዳ ላይ ተቀምጠው እየጠበቁ ነው። ኮርኮይ ቢጫውን ዶዘር መንገድ ዳር አቁማ ራሷን ያዘች።

በዚህ መሃል ቦርኬቴይ መጣ። ከኋላው ስድስቱ ተሸካሚዎቹ አሉ፤ ጥቁር ሱፍ፣ ነጭ ጓንት። ከሰዓት በኋላ ቀብር ስላለባቸው ለብሰው ነው የወጡት።

«ልጆቹ ይሸከሙልሽ» አላት።

ጅብ እስኪነክስ ያነክሳል አለች በሆዷ። «አንተ? ለእኔ? ምን ፈልገህ ነው?»

«አታ ሶዋ እየጠበቀ ነው። ጠረጴዛው መንገድ ላይ ቀርቶ ከምረታ፣ ደርሶ እምቢ ተብሎ ልርታ። እንዳታለቃቅሺብኝ።»

«ሱፉን ያውልቁ።»

«አናወልቅም» አለ አንደኛው ተሸካሚ፣ አኔንግ የሚሉት ረጅሙ። «ከውስጥ የለበስነው ለሰው አይታይም።»

ሌላ ሰው ከየት ታምጣ? እንዲህ ያለ ክብደት ተሸክሞ በሳንቃ መሻገር የሚችል ትከሻ ቴሺ ውስጥ ያለው እነሱ ጋ ብቻ ነው። «እንግዲያው ስሙኝ፤ ቀጥ ብላችሁ ትሄዳላችሁ። ሩጫ የለም። ዙረት የለም። ዳንስ የለም። ሰማችሁ?»

«ቀጥ ብላችሁ ሂዱ» አላቸው ቦርኬቴይም።

አነሡት። ሳንቃውን ተሻገሩ። ቀጥ ብለው ሄዱ፤ እውነት ለመናገር እስከ ኬንኬ ሻጮቹ ማእዘን ድረስ እንደ ወታደር ነው የሄዱት።

ማእዘኑ ላይ አንቲ ኦካይሌ ትኩስ የበቆሎ ኬንኬዋን ከቅጠሉ እየፈታች ለደንበኛ ታቀርባለች። ዓመት ሳይሞላ የላርያ ዶዘር ቤቷን ከነማእድ ቤቷ የጠረገባት ሴት ናት። ቀና ስትል ምን ታያለች? ስድስት ጥቁር ለባሾች፣ ነጭ ጓንት፣ ትከሻ ላይ ቢጫ ዶዘር፣ ዶዘሩ ላይ የላርያ ስም። ከኋላ ደግሞ የሣጥን ሠሪው ልጅ ፊቷ ጠቁሮ ትከተላለች። እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር?

«ላርያ ሞተ!» ብላ ጮኸች። «እሰይ! እሰይ! ላርያ ሞተላችሁ!»

እልልታው ከዚያ ተነሣ። ዓሣ የሚሠሩበትን ቀሚስ የለበሱት፣ ጸጉራቸውን በመሠራት ላይ ያሉት፣ ገላቸውን በመታጠብ ላይ የነበሩት ሳይቀሩ ወጡ። ከሌላ ቀብር የሚመለስ ማርሽ ባንድ በዚያው በኩል ሲያልፍ ነበር፤ ከበሮ መቺው ሰዉን አይቶ አልጠየቀም፣ መታው። ከበሮው ሲመታ የተሸካሚዎቹ ጉልበት ላላ። እንዲያው ምን ይሁኑ? ዕድሜያቸውን ሙሉ የተሸከሙት በዚያ ከበሮ ነው። አኔንግ ወደ ግራ ተወረወረ፤ የቀሩት ተከተሉት። ሟች የቤቱ መንገድ ጠፍቶት እንዳይመለስ ሬሳ የሚዞረውን ዙረት ያንን ጠረጴዛ ያዞሩት ጀመር፤ ወደ ፊት ሮጥ፣ ወደ ኋላ መለስ፣ በዓሣ ማጨሻው ዙር፣ በቤተ ክርስቲያኑ በር።

«ጠረጴዛ ነው!» ኮርኮይ ጮኸች። «ጠረጴዛ ነው እኮ! ሰውየው አለ!»

«አይዞሽ ልጄ» አሏት አንዲት ሴትዮ እጇን ይዘው። «ሐዘን መጀመሪያ ላይ እንዲህ ያስቀባጥራል።»

አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ የጂን አረቄውን ይዞ መንገዱ ላይ ቆመ። ለአባቶች መሬቱ ላይ እያፈሰሰ ምርቃቱን እርግማን አደረገው። «ሂድ ላርያ! ሂድና አትመለስ! አባቶቻችን ሆይ፣ ከሚመጣው ሰው ተጠንቀቁ፤ እዚያም ያላችሁባትን ቦታ ለሁለት እንዳይሸጥባችሁ!» ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። አንዱ ምራቁን ተፋ። ሌላው አካፋውን በጥፊ መታው። እንባ? እንባ የሚባል ነገር አንድ ዓይን ላይ አልነበረም።

ኮርኮይ ወንድሟን ፈልጋ አየችው። ከሰዉ ኋላ እጁን አጣምሮ ቆሟል። አንተ ነህ፣ አለች በልቧ፣ አንተ ነህ ይህን ያደረግኸው፤ አፈር ያስበላህ።

የላርያ ቢሮ በር ላይ ሊደርሱ ሲሉ ነው ጩኸቱ የተሰማው። የደስታ ጩኸት አልነበረም። ዴዴይ ነበረች፤ የላርያ እህት። የእናታቸውን ግቢ ሸጦ ዴዴይን ከነዓሣ ማጨሻዋ ውጪ ሲጥላት፣ «ሬሳህን እንኳ አላይም» ብላው ተለያይተው ነበር፤ ይህን አገሩ ያውቃል። አሁን ሻሿ ወድቆ፣ ባዶ እግሯን፣ እጇ እስከ ክርኗ ጥላሸት እንደሆነ እየሮጠች መጣች። ሰዉን ገፍታ ገባች። ተሸካሚዎቹ ደንግጠው ጠረጴዛውን ሲያወርዱት አካፋው ላይ፣ ስሙ ላይ ተደፋች።

«ወንድሜ! ኳርሼ! እናታችን ያዘለችህ! ሳልታረቅህ! ወይኔ፣ ሳልታረቅህ!»

ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም። ማርሽ ባንዱ ቆመ። ሲስቅ የነበረው ሁሉ የሚያይበት ቦታ አጣ። ኮርኮይም ጩኸቷን ተወች።

ላርያ በዚህ ጊዜ በረንዳው ላይ ወጥቷል። ነጭ በነጭ ለብሷል። ከመጀመሪያው እልልታ ጀምሮ ሰምቷል፤ «ሞተላችሁ» ሲባል፣ ጂኑ ሲፈስ፣ ሁሉንም ሰምቷል። ፊቱ አመድ መስሏል። አታ ሶዋና ሽማግሌዎቹ ከኋላው ቆመዋል።

ዴዴይ ቀና ስትል አየችው።

«አልሞትክም?»

«ለምን እሞታለሁ!»

«እንግዲያው እንባዬን መልስልኝ» አለችው። «ለቆመ ላርያ የማፈሰው እንባ የለኝም።»

ላርያ እህቱን ትቶ ወደ ኮርኮይ ዞረ።

«ይሄን ሣጥን ከፊቴ አንሺው!»

«ጠረጴዛ ነው፤ ራስህ ያዘዝከው።»

«የሬሳ ቤት ልጅ! ምን ነክቶኝ ነው አንቺን ያመንኩ! አንሺልኝ አልኩ፣ ካልሆነ አቃጥለዋለሁ!»

«ላርያ» አለ አታ ሶዋ በዝግታ፣ «ትቀመጣለህ አትቀመጥም? እኛ ለዚህ ነው የመጣነው።»

«እኔ? በቁሜ እዚህ ውስጥ? ጠላቴ ይቀመጥበት!»

ቦርኬቴይ ፈገግ አለ። ጓሮው፣ ቦዩ፣ ትንኙ፣ እስክትሞት የምታለሰልሰው ክዳን ሁሉ ኮርኮይ ፊት ድቅን አለ። አታ ሶዋ በትሩን አነሣ፤ በትሩ መሬት ከነካ አለቀ።

ዴዴይ ግን ቆማ መቆየት አልቻለችም። ከባሕሩ ዳር ጀምራ ነው የሮጠችው። ያገኘችው መቀመጫ የዶዘሩ የሹፌር ወንበር ነበርና እሱ ላይ ዘፍ አለች፤ ክርኖቿን ገበታው ላይ ተከለች፤ ፊቷን በመዳፏ ሸፈነች። ጥላሸቱ ቢጫውን ቀለም አበላሸው።

ላርያ ይህን ሲያይ ደሙ ፈላ።

«ተነሺ!» ብሎ ደረጃውን በሩጫ ወረደ። «ተነሺ ከጠረጴዛዬ! ደግሞ ይሄንንም ልትወርሺኝ ነው? በቁሜ ልትወርሺኝ!»

«ደክሞኝ ነው» አለች ፊቷን ሳትገልጥ።

ክንዷን ይዞ ጎትቶ አስነሣት። ወደቀች። እሱ ወጥቶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ ሁለት ክርኖቹን ገበታው ላይ ድም አደረጋቸው። «ስሜ ነው የተጻፈበት! የእኔ ነው! እስቲ ማን ነው የሚያስነሣኝ? ማን ነው?»

አታ ሶዋ በትሩን መሬት ላይ አሳረፈ። «ተቀምጧል» አለ። «ክርኑንም አሳርፏል። አይታችኋል።»

ኮርኮይ ረታች። ስንት ሌሊት ያለመችው ነው፤ ሲመጣ ግን እልልም አላሰኛት።

ሰዉ ላርያን አየው። ቢጫ ዶዘሩ ውስጥ፣ ከስሙ በላይ፣ በነጭ ልብስ ተቀምጧል። መጀመሪያ አንቲ ኦካይሌ ዞራ ሄደች። ቀጥሎ ዓሣ አጥማጁ። ከዚያ ሁሉም ፊታቸውን እያዞሩ፣ ሰላም ሳይሉት፣ ዓይኑን ሳያዩት መበተን ጀመሩ። ማርሽ ባንዱ ከቀብር መልስ የሚነፋውን ቀለል ያለ ዜማ አነሣ።

«የት ነው የምትሄዱት?» ላርያ ከወንበሩ ሳይነሣ ጮኸ። «ምግብ አለ! መጠጥ አለ! ፍየል አርጃለሁ!»

«እግዜር ያጽናህ» አለው አኔንግ ጓንቱን እያወለቀ። ሌላ መልስ የሰጠው የለም። ሁለት ሴቶች ዴዴይን በብብቷ ደግፈው ይዘዋት ሄዱ፤ እሷም ወደ ኋላ አልዞረችም።

ኮርኮይና ቦርኬቴይ ተለያይተው ተመለሱ፤ እሷ በመንገዱ አንዱ ዳር፣ እሱ በሌላው። አውደ ጥናቱ በር ላይ ሲደርሱ አልቻለችም።

«አንተ ነህ ያስጨፈርካቸው።»

«ቀጥ ብላችሁ ሂዱ ነው ያልኩት፤ ሰምተሽኛል።»

«ውሸታም! ያንተ አፍ ቀጥ ብሎ ያውቃል?»

«በአባታችን አፈር! ከበሮውን እኔ አልመታሁም። ደግሞ ምን አነሰሽ? ረታሽ አይደል? ፊት ለፊቱ ያንቺ ነው፤ ዋጪው!»

ሣጥኖቹን ከመንገድ ዳር እየጎተተ ወደ ጓሮ ማስገባት ጀመረ። መጀመሪያ ዓሣውን አስገባ። ሚኒባሱን ሊይዝ ጎንበስ ሲል ቆመና ጀርባውን ሰጥቷት ተናገረ።

«የላርያን እህት አየሻት?»

«አየኋት።»

«እኔ ሞቼ ቢመስልሽ፣ እንደዚያ ትሮጪ ነበር?»

ስድብ ፈለገች፤ አፏ ላይ የሚመጣ ስድብ አጥታ አታውቅም። አሁን ግን ጥያቄው የስድብ ጥያቄ እንዳልሆነ ከድምፁ ገባት። እሮጥ ነበር ለማለትም ሞከረች።

«አልሮጥም» አለችው።

«እኔም አልሮጥልሽም» አለ፤ ሚኒባሱንም አነሣ።

ይህን ሁልጊዜ ታውቀው ነበር። ከአፉ ስትሰማው ግን ደረቷን እንዲህ ያቃጥለኛል ብላ አልጠበቀችም። መጋዟንና መላጊያዎቿን አቅፋ ከጓሮ ወደ ፊት መመላለስ ጀመረች፤ እሱም ከፊት ወደ ጓሮ። የጓሮው በር ጠባብ ነው፤ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚያሳልፈው። መሃል ላይ ተገናኙ፤ እሷም ቆመች፣ እሱም ቆመ፣ ሸክማቸውን እንደያዙ። ከሁለቱ አንዱም ለሌላው መንገድ አለቀቀም።